የሙከራ ተዝካር

ባለቤቴ ደረጄና እኔ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ሥራ ውሃ ማውጣት ነበር። ሐሙስ ነው። በእኛ ብሎክ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ በመጣ ቀን ጀሪካን ያለው ሁሉ ምድር ያለችው ቧንቧ ፊት ይሰለፋል። ቤታችን ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዕጣው ሲወጣልን አራተኛ ፎቅ መሆኑን ሰምተን "እይታው ጥሩ ይሆናል" ብለን ተጽናንተን ነበር። እይታው ጥሩ ነው፤ ሌላ አራተኛ ፎቅ ይታያል።

እኔ ጀሪካኑን ጢም አድርጌ ሞልቼ፣ አንዴ ተሸክሜ ልገላገል እላለሁ። እሱ ደግሞ ግማሽ ግማሹን እየሞላን እናውጣ ይላል። ትንሽ ወስዶ፣ አድርሶ፣ አይቶ፣ ከዚያ ሌላ። ውሃ ምኑ ይታያል አልኩት። ጀሪካኑ የሚያፈስ ከሆነ በግማሹ ታውቂዋለሽ አለኝ። በአራት ምልልስ የሚያልቀውን በስምንት ጨረስነው። በስድስተኛው ላይ ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ደረቱን ያሽ ነበር። "ይኸው ዘዴህ" ብዬ ሳቅሁበት። እሱም ሳቀ። በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ሊያስተምር ለመውጣት የጫማውን ክር እያሰረ ሳለ ልቡ ቆመች።

ስለዚያ ጠዋት ከዚህ በላይ አልጽፍም። ይህ ወግ ነው፤ ወግ የሚያስቅ ነገር ሊኖረው ይገባል ይባላል። አለው፤ ቀስ እያልኩ እደርስበታለሁ። ብዙ ዓመት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኜ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሙያዬ የሚያወራውን ዝም ማሰኘት እንጂ ማውራት ስላልሆነ ታገሡኝ።

ደረጄ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ ነበር። በወጣትነቱ አሠራራቸው እንዲህ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ይመጣና ይህን ይህን የሚያደርግ ፕሮግራም ሥሩልኝ ይላል። እነ ደረጄ የተባሉትን ሁሉ ወፍራም ሰነድ ላይ ይጽፋሉ፣ ማኅተም ያስመቱበታል፣ ከዚያ በራቸውን ዘግተው ሁለት ዓመት ይሠራሉ። ሊያስረክቡ ሲሄዱ ያዘዛቸው ኃላፊ ተቀይሮ ይጠብቃቸዋል። አዲሱ ኃላፊ አገላብጦ ያይና እኛ የፈለግነው ይህን አይደለም ይላል። ደረጄን ሦስት ጊዜ እንዲህ ገጠመው። በሦስተኛው ጊዜ ቤት ገብቶ እራት ሳይበላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። የገዛ ሥራው ያሳመመው ሰው ያየሁት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ሥልጠና ሄደና ጠበል የተጠመቀ ሰው መስሎ ተመለሰ። የተማረው አጃይል የሚባል አሠራር ነው። እኔ እስከገባኝ ድረስ ነገሩ ይህ ነው፤ ትልቁን ሥራ ትንንሽ አድርገህ ቁረጠው፤ ትንሿን ሠርተህ ለባለቤቱ አሳየው፤ የሚልህን ስማ፤ አስተካክል፤ ቀጥል። በየጠዋቱ ደግሞ የሥራ ባልደረቦች ክብ ሠርተው ቆመው ሦስት ጥያቄ ይመልሳሉ። ትናንት ምን ሠራህ፣ ዛሬ ምን ትሠራለህ፣ እንቅፋትህ ምንድን ነው። ቆሞ የሚደረገው ስብሰባው እንዳይረዝም ነው ይላሉ። ይህን ያሰበው ሰው እኛን አያውቀንም። ቅዳሴ ቆሞ ያስቀደሰ ሕዝብ ሁለት ሰዓት መቆም አያስቸኩለውም።

ከዚያ ወዲህ ኑሮው ይህን ማስተማር ሆነ። በየመሥሪያ ቤቱ እየዞረ ሰው ያስቆማል። አንድ ቦታ ኃላፊው ለራሱ ብቻ ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ፤ ሌሎቹ ዙሪያውን ቆመው መልስ ሰጡ። ደረጄ ቤት ሲገባ "ዛሬ ችሎት አቋቁሜላቸው መጣሁ" አለኝ። ሌላ ቦታ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ከዳር እስከ ዳር በአለቆቻችን ጥረት ምንም እንቅፋት የለብንም አሉት። እንቅፋት የሌለበት መሥሪያ ቤት አገኘሁ፤ ሥራም የለበትም አለ። እንዲህ እያለ ይቀልድ ነበር እንጂ በማግስቱ ማልዶ ተነሥቶ ይሄዳል። ሰው እንቅፋቱን ለመናገር ዓመት ሊፈጅበት ይችላል ብሎ ያምን ነበር። ዓመቱንም ይጠብቃቸዋል።

ቤት ውስጥ በእኔ ላይ ያልሞከረው የለም። የማቀዝቀዣውን በር በሦስት ከፍሎ "የሚሠራ"፣ "በሥራ ላይ"፣ "ያለቀ" ብሎ ጻፈበትና ባለ ቀለም ተለጣፊ ወረቀት ደረደረበት። ሽሮ ማስፈጨት ቢጫ ነው። የመብራት ካርድ መሙላት ሮዝ ነው። በጠዋት እንቅፋትሽ ምንድን ነው ሲለኝ፣ እንቅፋቴ አንተ ነህ፣ ዞር በል ማቀዝቀዣውን ልክፈት እለዋለሁ።

አሁን እማማ ዘነበችን ላስተዋውቃችሁ። የደረጄ እናት ናቸው። ለቀብሩ ከመርሐቤቴ መጥተው አርባውን ለመጠበቅ እኔ ጋ ቆዩ። እሳቸውና እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ተከባብረን ተራርቀን ኖረናል። ልጅ አልወለድኩላቸውም፤ አንድ ቀን አንሥተውት አያውቁም፤ አለማንሣታቸው ግን ይሰማኝ ነበር። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አንዴ አራተኛ ፎቅ ከወጡ ወዲህ መውረድን እንደ ሩቅ አገር ጉዞ ነው የሚያዩት። የሠልስቱ ማግስት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡና ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፤

"ልጄን ምን ሠርቶ እንደኖረ ሳላውቅ ቀበርኩት። አገር ቤት ሰው ሲጠይቀኝ አስተማሪ ነው እላለሁ። ምን እንደሚያስተምር አላውቅም። አሁን የቀረኝ ተዝካሩ ነው። እሱን በወጉ አይቼ አገሬ እገባለሁ።"

ልነግራቸው ሞከርኩ። ሰው እንዴት እንደሚሠራ ነው የሚያስተምረው አልኳቸው። ሥራ የማያውቁ ሰዎች ናቸው ወይ አሉ። የለም፣ ያውቃሉ አልኩ። ታዲያ አሉኝ። አንድ ልጃቸውን ከተማ ወስጄ አስቀርቼባቸው ሥራውን እንኳ ላስረዳቸው አልቻልኩም። ስለዚህ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ይህ ተዝካር እንዳይበላሽ። ከተበላሸ እማማን ቀና ብዬ አላያቸውም።

በዚህ መሐል የደረጄ ተማሪዎች መጡ። አራት ናቸው። አለቃቸው ብሩክ የሚባል ረጅም፣ ሲያወራ እጁን የሚያጨበጭብ ጎልማሳ ነው። ሜሮን የምትባል ዝምተኛ ሴት አለች፤ ሁለቱ ወንዶች ደግሞ ብሩክ የሚለውን በጭንቅላታቸው የሚያጸድቁ ናቸው። ጋሽ ደረጄ ለእኛ አባት ነበር አሉኝ። ተዝካሩን እኛ እንይዘዋለን፣ እርስዎ ይረፉ፣ እሱ ባስተማረን መንገድ እንሠራዋለን አሉኝ። እምቢ ለማለት ጉልበት ያስፈልጋል። እሺ ለማለት ራስ መነቅነቅ ይበቃል። ራሴን ነቀነቅሁ።

በማግስቱ የሳሎኔ ግድግዳ ጠፋ። ከቴሌቪዥኑ እስከ መስኮቱ ድረስ ወረቀት በወረቀት ሆነ። ሽንኩርት፣ ቅቤ፣ በርበሬ፣ ድንኳን፣ ካህናት፣ ወንበር፣ እያንዳንዱ በየወረቀቱ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይገቡ አንድ ሰዓት ላይ ይመጡና ሳሎን ውስጥ ክብ ሠርተው ይቆማሉ። አንገታቸውን ደፍተው ስልካቸውን ያያሉ፣ ተራ በተራ ቀስ ብለው ይናገራሉ። እማማ ከመኝታ ቤት ወጥተው ይህን ሲያዩ ጸሎት መሰላቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጉልበታቸው እያመማቸው፣ ግድግዳ ተደግፈው አብረው ቆሙ። ብሩክ "ቅመም በሥራ ላይ ነው፣ ነገ ያልቃል" ብሎ ሲጨርስ እማማ "አሜን" አሉ። ማንም አላረማቸውም። በየቀኑ ቆሙ፤ በየቀኑ አሜን አሉ። ለእኔ አንድ ቀን "ጸሎታቸው አጭር ናት፣ ግን አያቋርጡም" ብለው አመሰገኗቸው።

ከእድራችን ሴቶች ጋር ግን እንዲህ ቀላል አልሆነም። የሴቶቹ አለቃ ወይዘሮ ጥሩነሽ ምድር ቤት የሚኖሩ፣ በዚህ ሰፈር ያለ እሳቸው ድስት የተጣደበት ሐዘን የሌለ ሴት ናቸው። ብሩክ ስብሰባው ላይ እንዲገኙ ጠርቷቸው መጡ። ወንበር ሲፈልጉ ቆመን ነው አላቸው።

"እኔ ቆሜ የምሰማው ወንጌል ሲነበብ ነው" አሉና ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ሥራ ምን ያህል እንደሚከብድ በነጥብ እንዲናገሩ ጠየቃቸው። ሽንኩርት መላጥ ሦስት ነጥብ ነው ወይስ አምስት ነው አላቸው። ወይዘሮ ጥሩነሽ ሽንኩርት በነጥብ አይላጥም፣ በእንባ ነው አሉት። ብሩክ ይህንም ወረቀት ላይ ጻፈው።

ከሁሉ ያስቸገረው ጠላው ነው። ጠላው ኮሚናል፣ ማለት የጋራ ማብሰያ ቤታችን ውስጥ ተጠንስሷል። ወረቀቱ "በሥራ ላይ" የሚለው ረድፍ ላይ ተለጥፎ ሦስት ቀን፣ አራት ቀን፣ አምስት ቀን ንቅንቅ አልል አለ። ብሩክ አላስቻለውም። የጠላው እንቅፋት ምንድን ነው እያለ በየጠዋቱ ይጠይቃል። እየፈላ ነው ይሉታል። ማፋጠን አይቻልም ወይ ይላል። አንድ ቀን ወይዘሮ ጥሩነሽ ክዳኑን ከፍተው ግባና ንገረው አሉት።

እኔ ይህን ሁሉ ጥግ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ተራዬ ሲደርስ እንቅፋት አለብዎት ወይ ይሉኛል፤ ምንም የለም እላለሁ። ማን እንዳስተማራቸው ሳስበው ምንም የለም ማለቴ ያሳፍረኝ ነበር። ግን አልኩት።

አርባው ሊሞላ ዐሥር ቀን ያህል ሲቀረው ብሩክ አዲስ ሐሳብ ይዞ መጣ። ጋሽ ደረጄ ሁልጊዜ፣ ትልቁን ነገር ሁሉ በመጨረሻው ቀን አታሳዩ፤ አስቀድማችሁ ትንሽ የምትሠራ ነገር አሳዩና አስተያየት ተቀበሉ ይለን ነበር አለ። ስለዚህ በቅዳሜው ትንሽ ተዝካር እናደርጋለን። ለዐሥር ሰው። አንድ ድስት፣ አንድ ትንሽ ድንኳን። ዐሥሩ ሰዎች ያዩትን ጉድለት ይነግሩናል፤ ዋናው ቀን እንከን አይኖረውም። ሴቶቹን አናድክማቸው፣ ለሙከራው እኛው እንሠራለን አለ።

የሰማሁት ነገር ምን እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። ለመሞከር ተብሎ የሚበላ ተዝካር በአባቶቻችንም በእኛም ዘመን አልታየም። የሙከራ ቀብር፣ የሙከራ ክርስትና የለም። ይህን ሁሉ በልቤ አልኩ። በአፌ የወጣው እሺ ነው።

ቅዳሜ ማልደው መጡ። ከመሥሪያ ቤታቸው ድንኳን ተውሰው ብሎካችን ሥር ተከሉ። ሜሮንና ጓደኞቿ ኮሚናል ገብተው ድስት ጣዱ። እኔና እማማ ፎቅ ላይ ቀረን። ለእማማ የነገራቸው የለም፤ ምን ተብሎ ይነገራል። በረንዳ ላይ ወጥተው ጀርባቸውን ፀሐይ ሲያስመቱ ነበር።

በእኛ ሰፈር ድንኳን ሲተከል ማንም ለምን ተተከለ ብሎ አይጠይቅም። ማን ሞተ ተብሎ ነው የሚጠየቀው። ወይዘሮ ጥሩነሽ ከገበያ ሲመለሱ ድንኳኑን አዩ። ተዝካሩ ሳምንት እንደቀረው ያውቃሉ። ኮሚናል ውስጥ ድስት ተጥዷል፤ ማንም እሳቸውን አልጠራም። ከእኛ ደረጃ ሥር ነው ድንኳኑ። እኔን ሐሙስ በዐይናቸው አይተውኛል፣ እማማን ግን ከዚያ የሳሎን ስብሰባ ወዲህ አላዩም። ሴትየዋ ደንግጠው ደመሩት። አረጋዊት እናት፣ የልጅ ሐዘን፣ አራተኛ ፎቅ። በላይ በላዩ ብለው ደረታቸውን መቱና የእድሩን ጥሩንባ ነፊ ላኩት።

ጥሩንባው ሲነፋ እማማ በረንዳው ላይ ጆሯቸውን አቀኑ። ሰውየው ድምፁ ጥሩ ነው፤ የሚለው በየብሎኩ ይሰማል። የአቶ ደረጄ እናት ወይዘሮ ዘነበች ስላረፉ የእድራችን አባላት ብሎ ጀመረ።

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። "ማን ነው ያለው?"

ተነሥቼ ወደ ታች አየሁ።

"ስሜን የሰማሁ መሰለኝ" አሉ። ሰውየው አልፎ በሁለተኛው ብሎክ ሲደግመው ልብ ብለው ጨርሰው አዳመጡት። ከዚያ "ጫማዬን ስጪኝ" አሉ።

አራቱን ፎቅ አንድ ክንዳቸውን ይዤ ወረድን። በየደረጃው ያርፋሉ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የለቅሶው ድምፅ ደረሰን። እማማ ቆመው ሰሙና "ሰዉ ብዙ ነው" አሉ፤ ያዘኑ አልመሰለኝም።

ምድር ስንደርስ ለዐሥር ሰው የተተከለው ድንኳን ስንት ሰው እንደዋጠ አልነግራችሁም፤ አታምኑኝም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ነው። ወይዘሮ ጥሩነሽ መሐል ላይ ሆነው የእማማን ደግነት ያወርዳሉ፤ ከእማማ ጋር የተገናኙት ሁለት ቀን ቢሆን ነው። ብሩክ የወረቀት እሽጉን ደረቱ ላይ ይዞ ግድግዳ ተደግፏል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። በመጀመሪያ ያየችን አንዲት ወጣት ናት። ጮኸች። ቀጥሎ ያሉት ዞሩ። ለቅሶው ከፊት ወደ ኋላ እየተቆረጠ ሄደ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ግን እማማን አይተው፣ አውቀው፣ ዐይን ለዐይን እየተያዩ እንኳ ትንሽ አለቀሱ። ለቅሶ እንደ ጭነት መኪና ነው፤ ፍሬን በተያዘ ጊዜ ወዲያው አይቆምም።

እማማ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ።

"የሞትኩት እኔ ነኝ?" አሉ።

አንዳንዶቹ ያዘቀዘቁትን ነጠላ ማቃናት ጀመሩ።

"እንግዲህ ከመጣችሁ ብሉ። ሳትበሉ አትሂዱ።"

የዐሥር ሰው ወጥ በመጀመሪያው ረድፍ አለቀ። እማማ ለሰው ብሉ ብለው ከተናገሩ በኋላ ምግብ አለቀ ማለት አይቻልም። ሜሮን አየችኝ፤ እኔም አየኋት፤ ለዋናው ቀን የተቀመጠው ሁሉ ተከፈተ። ቅቤው፣ ቅመሙ፣ የተቀቀለው፣ ያልተቀቀለው። ወረቀቱ "በሥራ ላይ" የሚለው ረድፍ ላይ የሰነበተው ጠላም ገና በቅጡ ሳይበስል ተቀድቶ ተጠጣ። ብሩክ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ግራ ሲገባው የሚያውቀውን አደረገ። በየሰዉ እየዞረ ምን ይሻሻል ብሎ ወረቀት ማደል ጀመረ። አንዱ ጨው ብሎ ጻፈ። አንዱ ድንኳኑ ይስፋ አለ። አንድ ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን መነጽራቸውን አውጥተው፣ አስበው፣ "ሟች ይኑር" ብለው ጻፉ። ወረቀቱ አሁንም አለኝ።

ከሰዓት ለወይዘሮ ጥሩነሽ ነገሩ ሁሉ ተነገራቸው። ያልሞተ ሰው ስም በጥሩንባ ማስነፋታቸው፣ ያለ ሬሳ ማልቀሳቸው፣ ከሁሉ በላይ ሳይጠሩ የተጣደው ድስት አቃጠላቸው። "ተዝካር አይሞከርም፤ እኔ ወጥ ቀምሼ አውቃለሁ እንጂ ሞክሬ አላውቅም" አሉኝ። በዋናው ቀን እሳቸውም ሴቶቻቸውም ኮሚናል እንደማይገቡ ነገሩኝና በራቸውን ዘጉ። ሳምንት ቀርቶናል። ቅቤ የለም፤ ጠላ የለም፤ ሴቶች የሉም። እማማ ወደ ቤት ወጥተው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከእግዜር ይስጥልኝ በቀር አልተናገሩም።

ሰኞ ጠዋት ልጆቹ መጡ። ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። እንደ ልማዳቸው ክብ ሠርተው ቆሙ። እማማም ወጡና ግድግዳቸውን ተደገፉ። ብሩክ ትናንት ምን ሠራሁ ብሎ ጀመረና ጨርሶ መናገር አልቻለም። ሁለቱ ወንዶች እንኳ ጭንቅላታቸውን መነቅነቅ ትተዋል። ሜሮን ቀስ ብላ "እትዬ፣ የእርስዎስ እንቅፋት?" አለችኝ።

"ደክሞኛል" አልኳት። "ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ደክሞኛል። እምቢ ለማለት አቅም አጥቼ ነው እሺ ያልኳችሁ። ደረጄ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው ደረቱን ሲያሽ አይቼ ስቄበታለሁ። ተዝካሩን ደግሞ በእጄ አበላሸሁት። ለእናቱ የምሰጣቸው የለኝም።"

ብሩክ አልጻፈውም። እማማ አሜን አላሉም። ለረጅም ጊዜ ወደ እኔ ሲያዩ ቆዩ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ አላዩኝም። ከዚያ ምርኩዛቸውን ፈለጉ፤ ጫማቸውን ራሳቸው አደረጉ።

"አንቺ ተኚ" አሉኝ። ብሩክን ደግሞ ክንድህን ስጠኝ አሉት።

በሦስት ቀን ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ አራቱን ፎቅ ወረዱ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ቤት ገብተው የሆነውን ብሩክ ነው የነገረኝ። እማማ ሰላምታ ሰጥተው ተቀምጠው መጀመሪያ ያመሰገኑት ስላለቀሱላቸው ነው። በአገራቸው ሳትሞት የተለቀሰላት ሴት እሳቸው ብቻ መሆናቸውን፣ የወይዘሮ ጥሩነሽም ለቅሶ ከሁሉ እንደበለጠ፣ እውነተኛው ቀን ሲመጣ ከዚህ ያነሰ እንዳይሆን ነገሯቸው። ወይዘሮ ጥሩነሽ ሳይፈልጉ ሳቁ። ከዚያ እማማ፣ ይህ ልጅ አጥፍቷል፣ ልጄ የሌለበትን ነገር ልጄ ያለበት አስመስሎ ሠራ፣ ማሩት፣ ድስቱን ተረከቡን አሏቸው። ብሩክ የወይዘሮ ጥሩነሽን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል ሽንኩርቱን ትልጣለህ አሉት። ነጥቡን አልጠየቀም።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ሁሉ ምድር ወረደ። ወጡን ሴቶቹ ሠሩ፤ ልጆቹ ተላላኩ። ጠላ በቀሩት ቀናት ስለማይደርስ፣ ቅዳሜ ሳይበስል የጠጡት ሴቶች ከየቤታቸው ያላቸውን በጀሪካን አመጡ። ወረቀቶቹን ወይዘሮ ጥሩነሽ ኮሚናል እንዳይገቡ ከለከሉ፤ አንድ ቀን ግን ማንም የሚያያቸው ሳይመስላቸው "ቅመም" የምትለዋን ከብሩክ ደብተር ነቅለው እዚያው ደብተር ውስጥ "ያለቀ" የሚለው ገጽ ላይ ሲለጥፉ አይቻቸዋለሁ። መዳፋቸውን ጫን አድርገው ነው የለጠፏት።

አርባው ቀን በሐና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ፍትሐቱ ተደርጎ፣ ካህናቱ መጥተው፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ዋለ። ሳይበላ የሄደ የለም። ምንም ያልተበላሸበት ቀን ስለሆነ ለወግ አይመችምና አልፈዋለሁ። አንዲት ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ሰዉ ሲሳሳ እማማ ብሩክን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡት። ሽንኩርት እጁን አቁስሎታል።

"ልጄ ምን ነበር ያስተማራችሁ?" አሉት።

ብሩክ ዘወትር በእጁ እየታገዘ የሚያስረዳ ሰው ነው፤ ያን ቀን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ተናገረ። ሥራ ሲከብድ ቆርሶ ስለማንሣት፣ የሠሩትን ሳይደብቁ ስለማሳየት፣ የማይሆን ሲገጥም ሳያፍሩ ለጓደኛ ስለመንገር ነገራቸው። እሱ ራሱ ይህን በወጉ እንዳልተማረው አሁን ገና እንደገባውም ነገራቸው። እማማ ጎንበስ ብለው እስከ መጨረሻው አዳመጡት።

"ይኸን ነው ያስተማራችሁ?"

"አዎ እማማ።"

"እንዲህ ከሆነማ" አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ "ይኸን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ገና አንድ ሸክም እንጨት በአንዴ ማንሣት ሳይችል።"

ይህን ተናግረው ለመጀመሪያ ጊዜ አምርረው አለቀሱ። በቀብሩ ቀን እንኳ እንዲህ አላለቀሱም። ማንም አልከለከላቸውም።

በማግስቱ ዕቃቸውን በፌስታል ሸክፈው በር ሥር አስቀመጡ። ተዝካሩን አይቼ እገባለሁ ብለው ነበርና አዩ። አውቶብሱ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠየቁኝ። እኔም ነገርኳቸው። ሁለታችንም ሶፋው ላይ ተቀመጥን። ፌስታሉን አየን። ሰዓቱ ደረሰ፤ አልተነሡም፤ አላስነሣኋቸውም። መናገር ያለብኝ እኔ እንደሆንኩ ገባኝ፤ ሳልናገር የኖርኩት ብዙ ነው።

"እማማ፣ አይሂዱብኝ" አልኳቸው። "ብቻዬን አልችልም።"

እማማ ጉልበታቸውን ያሹ ነበር። "ይኸ ፎቅ ነው እንጂ ያስጨነቀኝ" አሉ። "ወር ሙሉ እዚሁ ልቅር ብዬ እንዴት ልጠይቅሽ እያልኩ ነው የከረምኩት።"

ፌስታሉን ወደ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

አሁን ጠዋት ለእማማ ቁርስ አቀርባለሁ፣ ጉልበታቸውን በቅባት አሻለሁ፣ ከዚያ ጀሞ ታክሲ ተሰልፌ ብስራተ ገብርኤል ወዳለው ሥራዬ እሄዳለሁ።